ጉዳዩ፦ ልጆቻችሁ በቦርሳ ይዘዋቸው ስለሚመጡት መጻሕፍት

ውድ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

እንደምን ሰነበታችሁ። ባለፈው ሳምንት ሦስት ወላጆች ቢሮዬ መጥተው ነበር። በተለያየ ቀን ነው የመጡት፤ ግን ሦስቱም የመጽሐፍ ነገር ይዘው። አንዲት እናት «ፍልስፍና ልጄን ከሃይማኖቱ ያወጣብኛል» አሉኝ። አንድ አባት «ልጄን የላክኋት ኢንጂነር እንድትሆን እንጂ ሰፌድ እንድትሰፋ አይደለም» አሉ። ሦስተኛው ወላጅ ብዙም አልተናገሩም። ስለ ጦርነት ሕግ የተጻፈውን መጽሐፍ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡና «ይሄ ለልጅ ነው?» ብለው ዝም አሉ። ለሦስቱም በየግላቸው መልሻለሁ። ግን እንደነሱ የምታስቡ ብዙ እንደምትሆኑ ስለገመትኩ ለሁላችሁም ልጻፍ አልኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዘንድሮ ቤተ መጻሕፍታችን ከመስኮቱ ሥር አንድ መደርደሪያ ጨምሯል። ፍልስፍና፣ የእጅ ሥራና የጦርነት ሕግ አንድ ላይ ተደርድረዋል። ምን አገናኛቸው ብትሉ፣ እውነቱን ልናገርና፣ ያገናኛቸው የቦታ ጥበት ነው። ሌላው መደርደሪያ ሞልቶ ነበር።

ከሣጥኑ ልጀምር። ኮሪደሩ ላይ የተሰቀለውን የመጀመሪያ ዕርዳታ ሣጥን ታውቁታላችሁ፤ ነጭ ሆኖ ቀይ መስቀል ያለበት። አንዲት የሰባተኛ ክፍል ተማሪ መጽሐፍ ታቅፋ ገባችና «ቲቸር፣ ሣጥናችን ሕግ እየጣሰ ነው» አለችኝ። ሳቅኩ። እሷ ግን አልሳቀችም። ገጹን ገልጣ አሳየችኝ። ለካ ቀይ መስቀል የመድኃኒት ምልክት አይደለም። በጦርነት ጊዜ ሐኪሙን፣ አምቡላንሱንና ቁስለኛው የተኛበትን ድንኳን ከጥቃት የሚጠብቅ ምልክት ነው። በሰላም ጊዜም ቢሆን ማንም ያለ ፈቃድ ብድግ ብሎ አይቀባውም። በየሱቁ በር ላይ ከተለጠፈ ጦር ሜዳ ላይ ማን ያከብረዋል? ለመጀመሪያ ዕርዳታማ አረንጓዴ መደብ ላይ ነጭ መስቀል አለ። ይህን ሁሉ ዓመት ሳስተምር አላውቀውም ነበር። በማግሥቱ የጥበቃ ሠራተኛችን ቀለም ገዝተው መጡ። አሁን ሣጥኑ አረንጓዴ ነው። ጠርዙ ላይ ቀዩ ትንሽ ብቅ ይላል፤ ሁለተኛ ቅብ ይቀረዋል።

ምልክቱ ሳይከበር ሲቀር ምን እንደሚሆን ለማየት ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም። ታኅሣሥ 20 ቀን 1928 ዓ.ም. የስዊድን ቀይ መስቀል የሕክምና ቡድን ከዶሎ ወዲህ መልካ ዲዳ ሠፍሮ ሳለ የጣሊያን አውሮፕላኖች በቦምብ ደበደቡት። የመርዝ ጋዙንም ሁላችሁም ከአያቶቻችሁ ሰምታችኋል። ጋዝ በጦርነት እንዳይሠራበት የሚከለክለው ስምምነት ጄኔቫ ላይ የተፈረመው ከዚያ ዐሥር ዓመት ቀደም ብሎ ነው። ጣሊያንም ተቀብላው ነበር። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቫ ላይ ቆመው በአማርኛ የከሰሱት ይህንኑ ነው። ልጆቹ ይህን ካነበቡ በኋላ ጠየቁኝ፤ «ሕጉ ካልተከበረ ምን ይሠራል?» አፌ ላይ የነበረው መልስ ለእኔም አልጣመኝም። «ሕጉ ባይኖር ኖሮ ንጉሡ በምን ይከሱ ነበር?» ያለው አንድ የስድስተኛ ክፍል ልጅ ነው።

ዛሬ በዓለም ላይ የሚሠራባቸው አራቱ የጄኔቫ ስምምነቶች የወጡት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በ1941 ዓ.ም. ነው። አገራችን በ1962 ዓ.ም. አጽድቃቸዋለች። ዝም ላሉት አባት እንዳልኩት፣ መጽሐፉ መተኮስ አያስተምርም። የሚያወራው ስለማይደረገው ነው። የቆሰለ አይገደልም። እጁን የሰጠ አይገደልም። 15 ዓመት ያልሞላው ልጅ ወታደር አይደረግም። አንድ አንቀጽ ደግሞ እኛኑ ይመለከታል፤ ትምህርት ቤት ለውጊያ እያገለገለ ይሁን አይሁን ካጠራጠረ፣ እንደማያገለግል ይቆጠራል ይላል። ልጆቹ ይህችን ሰሌዳ ላይ ጽፈዋት አገኘሁ። የጽዳት ሠራተኛዋን «እሷን ተዪአት» አልኳት።

ጦርነት የነካው ቤት እንዳለ አውቃለሁ። ከመካከላችን ብዙ ቤት ነክቷል። ልጁ ጥያቄ ይዞ ቢመጣ የግድ ዛሬውኑ መመለስ የለባችሁም። «ሌላ ቀን እነግርሃለሁ» በቂ ነው። መጽሐፉ ጭራሽ ቤት እንዳይገባ ከፈለጋችሁም ሁለት መስመር ጻፉልኝ። ምክንያቱን አልጠይቅም፤ በሌላ እንቀይርለታለን።

ወደ ፍልስፍናው ልምጣ። ልጆቹ እየተሻሙ የሚዋሱት የዘርዓ ያዕቆብን «ሐተታ» ነው። ታሪኩ ራሱ ይስባል። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ ንጉሡ ካቶሊክ ሆነው አገር ሲታመስ፣ አንድ የአክሱም አካባቢ መምህር ተከሰሰና ሸሽቶ ዋሻ ገባ። ከያዛቸው ነገሮች አንዱ የዳዊት መጽሐፍ ነው። እዚያ ተቀምጦ «ፈጣሪ አለ ወይ?» ብሎ ራሱን ጠየቀ። እማማ፣ ልብ ይበሉልኝ፤ የደረሰበት መልስ «አለ» የሚል ነው። በልማድ የተቀበለውን በልቡናው መረመረ እንጂ ጸሎቱን አልተወም።

የልጅዎን ክፍል ለሁለት የከፈለውም የፈጣሪ ነገር አይደለም። ጽሑፉን ማን ጻፈው የሚለው ነው። የእጅ ጽሑፉን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወደ አውሮፓ የላከው ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የተባለ ጣሊያናዊ ሚስዮናዊ ነው። አንዳንድ ምሁራን «ራሱ ነው የጻፈው» ይላሉ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ካናዳዊው ክላውድ ሰምነር ደግሞ «የለም፣ ኢትዮጵያዊ ነው የጻፈው» ብለው ተከራክረዋል። ክርክሩ ከ100 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ አሁን ደግሞ ምሳ ሰዓት ላይ በእኛ ግቢ ቀጥሏል። ለአንድ መጽሐፍ ማስረጃ ሲጠያየቁ ሰማሁ። እንዲህ ሲሆን ሒሳብ ላይም ቢሆን ደስ ባለኝ።

ሐተታው ላይ ሌላም ነገር አለ። ዘርዓ ያዕቆብ ከዋሻው ወጥቶ እንፍራንዝ ሲቀመጥ እንጀራው መጽሐፍ መገልበጥ ነበር። ብራና፣ ቀለም፣ ብዕር፤ የእጅ ሥራ ማለት ነው። ደቀ መዝሙሩ ወልደ ሕይወትም በራሱ ሐተታ የእጅ ሥራ ተማሩ ብሎ ይመክራል። ስለዚህ የሰፌዱ አባት፣ ፍልስፍናውን ብቻ ቢፈቅዱልን እንኳ ሰፌዱ ተከትሎ ይመጣል። ብረት ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ጸሐፊውን ሳይቀር በሥራው መስደብ እንዲቀር ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. አዋጅ አስነግረዋል። አዋጁ ካስፈለገ ንቀቱ ምን ያህል እንደነበር ገምቱት። ሁሉም ጠፍቷል ብዬ አልዋሽም።

ልጅዎን ደግሞ አይቻታለሁ። ሰፌድ ከእምብርቱ ነው የሚጀመረው። የመጀመሪያዎቹ ዙሮች ከላሉ ጠርዙ ጋ ሲደርስ እንደ ጀልባ ይጣመማል። ልጅዎ ዙሩን ለስምንት እኩል ከፍላ፣ አለላው የት እንደሚገባ በጣቷ እየቆጠረች ትሰፋ ነበር። አንዴ ተሳሳተችና ሦስት ዙር ፈታች። ማንም ፍቺ አላላትም። ኢንጂነርነቱ እዚያው ያለ መሰለኝ። እኔም ሞክሬ ነበር፤ አውራ ጣቴን ወጋሁት።

መጽሐፉ ብቻውን ግን አላስኬደንም። ሥዕሉ ያማረ ነው። የአንድ ተማሪ አያት ለሌላ ጉዳይ መጥተው ሥዕሉን አዩና «ወስፌ እንዲህ አይያዝም፣ ልጆቼ» አሉ። ነጠላቸውን ወደኋላ መለስ አድርገው ቁጭ አሉ። ያን ቀን ደወሉን ማንም አልሰማውም።

ውሰቱ ዓርብ ዓርብ ነው፤ አንድ መጽሐፍ ለዐሥር ቀን። ሽሮ የነካው መጽሐፍ ብዙ አያሳስበኝም፤ ገጽ የተቀደደበት ግን ያሳስበኛል። የጠፋ ይተካል። በሚቀጥለው ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ ቤተ መጻሕፍቱ ለወላጆች ክፍት ስለሆነ መጥታችሁ ራሳችሁ አገላብጡ። መስፋት፣ መፍተል ወይም መሸመን የምትችሉ፣ ወይም የሚችል አያት ቤት ያላችሁ፣ ለጸሐፊያችን ስም አስመዝግቡ። ስንደዶና አክርማ ገዝተናል። ወስፌ ያላችሁ ግን ይዛችሁ ኑ፤ ያሉን አራት ብቻ ናቸው፣ አንዱም ጫፉ ዶልዱሟል።

ከአክብሮት ጋር፣
የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር