ከኩላሊት እጥበት በኋላ ያሉት ሰዓታትም ትኩረት ይሰጣቸው

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ስለ ኩላሊት እጥበት ሲነገርም ሆነ ሲጻፍ በአብዛኛው የሚነሳው የክፍያው ውድነትና የማሽን እጥረት ነው። ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። ይሁን እንጂ ታማሚው ከማሽኑ ተላቆ ወደ ቤቱ ከሄደ በኋላ ስለሚደርስበት ነገር የሚያስረዳ እምብዛም ስለማይገኝ፣ አባቴን ወደ እጥበት የማመላልስ እንደመሆኔ ይህን ለመጻፍ ወደድኩ።

ጤናማ ኩላሊት ሌሊትና ቀን ሲሠራው ከሚውለው ሥራ ከፊሉን ማሽኑ በ4 ሰዓት ገደማ ይሠራዋል። በዚህ አጭር ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ሊትር ፈሳሽ ከደም ሲወጣ፣ በሰውነት ውስጥ የተጠራቀመው ውሃ ወደ ደም ሥር በዚያው ፍጥነት ስለማይመለስ የደም ግፊት ይወርዳል፤ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ራስ ምታትና የባት ጡንቻ መሸማቀቅም ይከተላሉ። አባቴ ከወንበሩ ሲነሱ ግድግዳ ተደግፈው ይቆማሉ፤ ቤት ከደረሱም በኋላ ምሳ ሳይቀምሱ እስኪመሽ ይተኛሉ።

ይህ ድካም የታማሚው ስንፍና ተደርጎ ሲታይ በእጅጉ ያሳዝነኛል። የተለመደው ሕክምና በሳምንት ሦስት ጊዜ ሲሆን፣ እኛ ዘንድ ግን ብዙዎች በአቅም ማነስ ምክንያት ሁለቴ ብቻ ስለሚታጠቡ የሦስትና የአራት ቀን ፈሳሽ በአንድ ጊዜ ይወጣላቸዋል። ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት በሰዓት ከ13 ሚሊ ሊትር በላይ ማውጣት ልብን እንደሚጎዳ በሕክምናው ዘርፍ የታወቀ ነው፤ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ይህ በ4 ሰዓት ከሦስት ሊትር ጥቂት ብቻ የሚበልጥ ነው። ስለዚህ ጨው መቀነስና ፈሳሽ መመጠን ከእጥበት በኋላ ያለውን ስቃይ ያቀላል። ሾርባውም፣ ቡናውም፣ ጠበሉም ከፈሳሹ ይቆጠራሉ። ጠያቂ ዘመድ በቅን ልቦና የሚያመጣው የአቮካዶና የሙዝ ጭማቂ ደግሞ የታመመ ኩላሊት ሊያስወግደው የማይችለው ፖታሲየም የተባለ ማዕድን ስለሚበዛበት የልብን ምት ሊያዛባ ይችላል።

ቤተሰብ ቸል ሊላቸው የማይገቡ ምልክቶችም አሉ። ለእጥበቱ በአንገቱ የደም ሥር ቱቦ የገባለት ሰው ትኩሳትና ብርድ ብርድ ካለው ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል በዚያው ዕለት ሐኪም ሊያየው ይገባል። በእጥበቱ ወቅት ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት ስለሚሰጥ፣ መርፌው የነበረበት ቦታ ተጭነው ቢይዙትም መድማቱን ካላቆመ ፈጥኖ ወደ ሕክምና መመለስ ነው። የደረት ሕመም ወይም ግራ መጋባት ከታየማ እስከ ቀጣዩ ቀጠሮ መጠበቅ አይገባም። ፊስቱላ (ለእጥበቱ መርፌ እንዲመች በቀዶ ሕክምና የተገናኘ የደም ሥር) በተሠራለት ክንድ ላይ ግፊት መለካትም ሆነ ከባድ ዕቃ መሸከም አይፈቀድም።

የእጥበት ማዕከላትን የምጠይቀው ብዙ ገንዘብ የማይፈልግ ነገር ነው። ታማሚው ከመሄዱ በፊት ጥቂት ይቀመጥ፤ ግፊቱ ተቀምጦም ቆሞም ይለካ፤ ለአስታማሚው ከላይ ያልኩት በአማርኛ ተጽፎ ይሰጠው። በቀጣዩ ቀጠሮም «ባለፈው ቤት ከገቡ በኋላ እንዴት ዋሉ?» ተብሎ ይጠየቅና መልሱ በካርዱ ላይ ይስፈር፤ ሐኪሙ የሚወጣውን የፈሳሽ መጠንና የታማሚውን ደረቅ ክብደት (ትርፍ ፈሳሽ ከወጣለት በኋላ ሊኖረው የሚገባውን ክብደት) የሚያስተካክለው ይህን አይቶ ነውና።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንድ አስታማሚ፣ ከአዲስ አበባ