በወርቅ ላይ የተቀረጸ ዛላ

ይድረስ ለውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ባለፈው በስልክ «አክሱምን ያጠፋቻት ዮዲት ጉዲት አይደለችም ወይ?» ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። መልሱ በስልክ የሚያልቅ ስላልመሰለኝ ወረቀት አነሣሁ።

እስቲ ዘመኑን ቁጠሪው። ዮዲት ተነሣች የሚባለው በ10ኛው ክፍለ ዘመን ነው። አክሱም የራሷን ገንዘብ ማተም ያቆመችው ግን በ7ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ችቦ የያዘው ጠላት ሲደርስ ጎተራው ከተራቆተ 300 ዓመት ያህል ሆኖት ነበር።

ያን ገንዘብ በጣም እወደዋለሁ። በወርቁ ላይ ንጉሡ ዘውድ ደፍቶ ይታያል፤ ግራና ቀኙን የእህል ዛላ ከቦታል። በአንዳንዱ የነሐስ ሳንቲም ላይ ደግሞ በግሪክኛ «ይህ አገሩን ደስ ያሰኝ» የሚል ተጽፏል። ዛላው ለጌጥ ብቻ የተቀረጸ አይመስለኝም። የዝሆን ጥርስ ተሸክሞ ወደ አዱሊስ ወደብ የሚወርደው ሰው ስንቅ ያስፈልገዋል። ወድቆ የተሰባበረው ታላቁ ሐውልት 33 ሜትር ይረዝማል፤ ክብደቱም ከ500 ቶን በላይ ነው። ያን ድንጋይ ከኮረብታ ፈልፍሎ የጎተተውን ሕዝብ የመገበው ማሳው ነው።

አክሱም ባሕሩ እንደተዘጋባት በትምህርት ቤት ተምረሻል። ንጉሥ ካሌብ በ525 ገደማ ጦሩን ቀይ ባሕር አሻግሮ የመንን ያዘ። ከግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ በኋላ ፋርሶች የመንን ወሰዷት፤ የአዱሊስም ንግድ እየቀዘቀዘ ሄደ። ይህ እውነት ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን አፈሩ ነው። በአክሱም ዙሪያ የቆፈሩ ተመራማሪዎች ከኮረብታ ታጥቦ የወረደ ደለል የጥንቱን ፍርስራሽ ሸፍኖት አግኝተዋል። ጥፋቱ ምን ያህል ነበር በሚለው ላይ ዛሬም ይከራከራሉ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ከገበሬ ጋር እርከን ስሠራ የኖርኩ ሰው ነኝና ወደየትኛው ወገን እንደማደላ አትጠይቂኝም።

አንድ ሽማግሌ ገበሬ በሐምሌ ዝናብ ማግስት ቦረቦር ዳር አቁመውኝ ነበር። ከታች የሚወርደው ውሃ እንደ ጠላ ደፍርሷል። በትራቸውን ወደ ማዶ ዘርግተው «አባቴ ይህን በአንድ እርምጃ ይሻገሩት ነበር፤ እኔ ዘንድሮ በሬ ገባብኝ» አሉኝ። ቦረቦሩ በአንድ ሌሊት አልተከፈተም። በየክረምቱ ጥቂት ጥቂት እየሰፋ ነው አባት የተራመደውን ልጅ የማይሻገረው። የአክሱም ገበሬም እንዲሁ ይመስለኛል፤ በሕይወት ዘመኑ «አገሬ ዛሬ ወደቀች» ያለበት ቀን አልነበረም። ያየው ምርቱ ካምናው ማነሱን ብቻ ነው።

ወደቀች ስል ሁሉም ነገር አለቀ ማለቴ እንዳይመስልሽ። ይህን የምጽፍልሽ ፊደል ከግዕዝ እስከ ሳብዕ አናባቢውን ይዞ የወጣው በ4ኛው ክፍለ ዘመን፣ በንጉሥ ዒዛና ጊዜ ነው። ሐውልቱ ወድቆም እርሱ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ እኔና አንቺ ዘንድ ደርሷል።

ለክረምት ስትመጪ ቦረቦሩ ዳር እወስድሻለሁ። ሽማግሌው አርፈዋል፤ ልጃቸው ግን ከላይ ከዳገቱ ጀምሮ እርከን ሠርቶ፣ ዳር ዳሩን ሣር ተክሎበታል። ዘንድሮ የሚወርደው ውሃ ምን እንደሚመስል አብረን እናያለን።

የሚወድሽ አባትሽ