ከጎናችን ለቆማችሁ ሁሉ፣ ለማታውቀን ለፔጅ ቤከርስም

ውድ ወገኖቼ፣ እዚህ ሚኒሶታ ያላችሁም፣ ከሌላ ስቴት እየደወላችሁ ስታጽናኑን የነበራችሁም፣ እግዜር ይስጥልኝ። የልጄ የጉልበት ጅማት ተበጥሶ የደረሰብንን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ አልደግመውም። ልጄ ባለፈው ሳምንት ሜዳ ገብታ ተጫወተች። ሮጠች፣ ዘለለች፣ ወደቀች። ስትወድቅ የጮህኩት እኔ ነኝ። እሷ እየሳቀች ተነሳች።

የዕድራችን አባላት፣ የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች፣ አሰልጣኞቿ፣ የቡድን ጓደኞቿ፣ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ያመጣችሁት እንጀራና ወጥ፣ ጸሎታችሁ፣ እንቅልፍ አጥቼ ስደውል ያነሳችሁልኝ ስልክ፣ አንዱንም አልረሳሁም። ከታች ፎቅ ያሉት ጋሼ ደግሞ በዚያ በረዶ ሐኪም ቤት ሲያመላልሱን አንድ ቀን እንኳ ፊታቸው አልጠቆረም። ዕድሜ ይስጥልኝ፣ ጋሼ።

አንዲት ሰው ግን በጅምላ አላልፋትም። አታውቀንም፣ አማርኛም አታነብም። የቅርጫት ኳስ ተጫዋቿ ፔጅ ቤከርስ ናት።

«ይቺ ሴትዮ ለቲቪ ሰው ምስጋና ትጽፋለች እንዴ?» የምትሉ አትጠፉም። በሉ፣ ግን አንብቡልኝ። እኔ ቅርጫት ኳስ የሚባል ነገር በልጄ ነው ያወቅሁት። ፔጅንም እንደዚያው። የዚሁ የእኛ አካባቢ ልጅ ናት፤ የተማረችው ሚኒያፖሊስ አጠገብ ሆፕኪንስ ነው። በ2019 ትምህርት ቤቷን የስቴቱ ሻምፒዮን አደረገች። በ2020ም ሳይሸነፉ ፍጻሜ ደርሰው ኮሮና መጣና ጨዋታው ተሰረዘ። ከዚያ ኮኔቲከት ዩኒቨርሲቲ፣ ዩኮን የሚሉት ገባች። በመጀመሪያ ዓመቷ የአገሪቱ የኮሌጅ ምርጥ ተጫዋች ተባለች። ከሷ በፊት በሴቶች ይህን ያገኘች የአንደኛ ዓመት ተማሪ አልነበረችም።

እኔን የያዘችኝ ግን በኳሱ አይደለም። በ2021 ክረምት ኢስፒስ በሚባለው የስፖርት ሽልማት ላይ የዓመቱ ምርጥ የኮሌጅ ሴት ስፖርተኛ ተብላ መድረክ ወጣች። ገና ልጅ ናት። ያን ሁሉ ካሜራ ፊቷ ደቅነውላት ስለ ራሷ ማውራት ትታ ስለ ጥቁር ሴቶች ተናገረች። ይህን ስፖርት እነሱ ተሸክመውት ሳለ የሚገባቸውን ያህል አይታዩም፣ አይወራላቸውም አለች። ልጄ ያን ጊዜ ትንሽ ነበረች። ቪዲዮውን ደጋግማ ስታየው አስታውሳለሁ። በዚህ አገር ጥቁር ሴት ልጅ የምታሳድጉ እናቶች ምን እንደተሰማኝ አስረዱኝ አትሉም።

በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ፣ ከኖትር ዳም ጋር፣ ቡድኗ በሰፊ ነጥብ እየመራ፣ ጨዋታው ሊያልቅ ሰከንዶች ሲቀሩት ግራ ጉልበቷ ተጎዳ። ድና ተመለሰች። እዚሁ ሚኒያፖሊስ፣ ታርጌት ሴንተር፣ አገሯ ላይ ለኮሌጆቹ ሻምፒዮና ፍጻሜ ደረሰች፤ በሳውዝ ካሮላይና 64 ለ 49 ተሸነፉ። ነሐሴ 2022 ደግሞ እንዲሁ ለልምምድ ሲጫወቱ የዚያው ጉልበት ጅማት ተበጠሰ። ኤሲኤል የሚሉት ማለት ነው። አንድ ሙሉ የውድድር ዓመት ቀረባት።

የልጄን ጉልበት ያየው ሐኪም «ኤሲኤል» ሲለን እኔ ምንም አልገባኝም። ልጄ ግን ወዲያው «የፔጅ ነው» አለች። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

ያን ሰሞን ኢንሹራንሱ ያደረገንን... ተዉት፤ ዛሬ ማማረር አልፈልግም።

ልጄ አልጋ ላይ ሆና ስታይ የከረመችው የፔጅን ጎል አልነበረም። ፔጅ ያልተጫወተችበትን ዓመት ነበር። የ2022-23ን ጨዋታዎች እየፈለገች ታወጣለች፤ ዓይኗ ሜዳው ላይ ሳይሆን ተቀያሪዎቹ ወንበር ላይ ነው። «እያት እማዬ፣ ትጮሃለች፤ እያት፣ ለጓደኞቿ ታጨበጭባለች» ትለኛለች። ያ ዓመት ለዩኮን ክፉ ነበር። በተከታታይ 14 ዓመት ከሻምፒዮናው የመጨረሻዎቹ አራት ቡድኖች ውስጥ ሳይገቡ ቀርተው የማያውቁት ሰዎች በኦሃዮ ስቴት ተሸንፈው ቀሩ። ፔጅ ያንን ሁሉ ቁጭ ብላ አየች። ልጄም በማግስቱ ክራንቿን ይዛ ወደ ጓደኞቿ ልምምድ ሄደች። እኔ ስለምናት የከረምኩትን ሴትየዋ ወንበር ላይ ተቀምጣ ጨረሰችልኝ።

ከዚያ ያለውን ኳስ የምታዩ ታውቁታላችሁ። በ2023 መጨረሻ ተመለሰች። ቡድኗ ግማሹ ተጎድቶ እሷ ናት የጎተተችው። ደብሊው ኤን ቢ ኤ ወደሚሉት የሴቶች ፕሮፌሽናል ሊግ መሄድ ስትችል በየካቲት 2024 «አንድ ዓመት እቆያለሁ» አለች። ግማሽ ፍጻሜ ላይ በአይዋ 71 ለ 69 ተሸነፉ። መጨረሻ ላይ የተነፋችው ፊሽካ ዛሬም ታናድደኛለች፤ የአይዋ ደጋፊዎች ይቅር በሉኝ።

በ2025 ከኦክላሆማ ቡድን ጋር ሲጫወቱ ብቻዋን 40 ነጥብ አገባች። ሚያዝያ 6 ቀን ታምፓ ላይ ሳውዝ ካሮላይናን 82 ለ 59 ረቱ። የዩኮን 12ኛ ዋንጫ፣ ከ2016 ወዲህ የመጀመሪያው። በዚያ ቀን የቡድን ጓደኛዋ አዚ ፈድም 24 አስገብታለች፤ እሷም ኤሲኤሏ ተበጥሶ የዳነች ናት። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ፔጅ ተቀይራ ወጣችና አሰልጣኟ ጂኖ ኦሪዬማ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። እኛ ሳሎን ውስጥ ማን ቀድሞ እንዳለቀሰ አልናገርም። በዚያው ወር የደብሊው ኤን ቢ ኤው ቡድን ዳላስ ዊንግስ ከአዲሶቹ ተጫዋቾች ሁሉ አንደኛ አድርጎ መረጣት፤ በመጀመሪያ ዓመቷም የሊጉ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ሆነች።

ፔጅ፣ ክፉ አይንካሽ። ጉልበትሽን ይጠብቅልሽ። እናትና አባትሽ ይደሰቱብሽ። አንድ ሰው ይህን ቢተረጉምላት ደስታዬ ነው፤ የልጆቻችሁ እንግሊዝኛ ከእኔ ይሻላል።

ስማችሁን ያልጠራሁ፣ በተለይ ሌሊት ሥራ ገብቼ ልጄ ዘንድ ያደራችሁ ሁለት እህቶቼ፣ እንዳትቀየሙኝ። እናንተን በጽሑፍ አልችላችሁም፤ በአካል መጥቼ ነው።

ዳላስ ዊንግስ ከሚኒሶታ ሊንክስ ጋር ለመጫወት ታርጌት ሴንተር ሲመጡ ቲኬት እገዛለሁ። ላይኛው ፎቅ፣ ርካሹ ቦታ ነው። አብሮን መሄድ የሚፈልግ ቀድሞ ይንገረኝ፤ እሷ ስትመጣ ቲኬት አይቆይም። ጋሼ፣ የእርስዎን እኔ ነኝ የምከፍለው፤ እንዳይከራከሩኝ።