ትዝታው እንዳይሸሽ፦ የሙዚቃ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

መስከረም መጨረሻ ላይ ክበባችን ሲከፈት 31 ተማሪዎች ተመዘገቡ። እስከ ሰኔ የዘለቁት 19 ናቸው። መለማመጃችን ከቤተ ሙከራው ጀርባ ያለችው ጠባብ ክፍል ስለሆነች፣ እውነቱን ለመናገር 19ኙም ተጠጋግተው ነው የሚቀመጡት። የነበረን ዕቃ ሁለት ክራር፣ አንድ ከበሮ፣ አንድ ኪቦርድ እና አንድ ዋሽንት ነው። ዋሽንቱ የትምህርት ቤቱ አይደለም። አንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪያችን ከጎጃም አክስቱ ጋ ሊኖር ሲመጣ ይዞት የመጣ ነው።

የዓመቱን ሐሳብ ያመጡት ልጆቹ ናቸው። ሚኒ ሚዲያው በእረፍት ሰዓት አማፒያኖ የሚባለውን የደቡብ አፍሪካ የዳንስ ሙዚቃ ይለቃል፤ ግቢው በሙሉ ይወዛወዛል። ኪቦርድ የሚጫወተው የ11ኛ ክፍል ልጅ አንድ ቀን መጣና «ቲቸር፣ ለምን የራሳችንን ዘፈን ከጃዝ ጋር አንቀላቅለውም?» አለኝ። እኔ የአማርኛ መምህር ነኝ። ድርሰት ሳርም ጉራማይሌ ቋንቋ ካየሁ በቀይ አሰምራለሁ። ሙዚቃ ላይ ግን ጉራማይሌው ጥሩ የሚሆነው መቼ ነው? የሚበላሸውስ መቼ ነው? ጥያቄው ያዘኝ። ዓመቱን ሙሉ አብረን ስንፈልግ ከረምን።

ጥቅምትን ያሳለፍነው በመስማት ነው። ሐሙስ ሐሙስ ከ10 ሰዓት በኋላ የሚኒ ሚዲያውን ስፒከር ተውሰን ቁጭ ብለን እንሰማ ነበር። የጀመርነው በጋሽ ሙላቱ አስታጥቄ ነው። እ.ኤ.አ. በ1943 ጅማ ተወለዱ፤ ወደ ዌልስ የሄዱት ምህንድስና እንዲማሩ ነበር፤ ሙዚቃው አሸነፈ። ለንደን ተማሩ፣ ከዚያ ቦስተን በርክሌ ገቡ። በ1966 (እ.ኤ.አ.) ኒውዮርክ ላይ የእኛን ቅኝት ከላቲን ምትና ከጃዝ ጋር ያገናኙባቸውን ሁለት አልበሞች ቀረጹ። ልጆቹን የገረማቸው ዘመኑ ነው። አንዷ «አያቴ ልጅ እያለች ማለት ነው!» አለች። አዎ፣ ያኔ ነው።

ቀጥለን ጂጂን ሰማን። እጅጋየሁ ሽባባው የቻግኒ ልጅ ናት። በ2001 (እ.ኤ.አ.) በስሟ ባወጣችው አልበም ላይ ሄርቢ ሃንኮክ፣ ዌይን ሾርተር እና ፋሮ ሳንደርስ ተጫውተውላታል። በጃዝ ዓለም እነዚህ ትልልቅ ስሞች ናቸው። ልጆቹን አንድ ነገር ብቻ እንዲያዳምጡ ጠየቅኳቸው፦ እሷ ስትዘፍን ሌሎቹ ምን ያደርጋሉ? መልሱን ያገኘችው ዝም ባይዋ የ9ኛ ክፍል ክራር ተጫዋቻችን ናት። «ይጠብቋታል» አለች። ይህን ቃል ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። ዓመቱን ሙሉም ጠቀመን።

ችግሩ የመጣው ኅዳር ላይ፣ መስማቱን አቁመን መጫወት ስንጀምር ነው።

አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ አለችን። መዝፈን የተማረችው ከአያቷ ነው፤ አያቷ ጥጥ ሲፈትሉ ከሚያንጎራጉሩት። ድምጿ ወፈር ያለ ነው፤ ቃሉን ይዛ ጉሮሮዋ ውስጥ ታንከባልለዋለች። ትዝታ ማይነር የሚባለውን የትዝታ ቅኝት በክራር ጀመረች፤ ክፍሉ ጸጥ አለ። ከዚያ ኪቦርዱ ገባ። ልጁ ከዩቲዩብ የለመዳቸውን ኮርዶች፣ ማለትም አንድ ላይ የሚመቱ ድምፆችን ነው የተጫወተው፦ ዶ ማይነር፣ ፋ ማይነር፣ ሶል ሰቨን። ትክክል ናቸው፤ ስህተት የለባቸውም። እሷ ግን ሁለተኛው ስንኝ ላይ አቆመች። «ቲቸር፣ ዘፈኑ ሄደብኝ» አለች።

ለምን ሄደ? ሰሌዳው ላይ ጻፍነው። ትዝታ ማይነር አምስት ድምፅ ነው ያለው። ከዶ ከጀመርን ዶ፣ ሬ፣ ሚ ፍላት፣ ሶል፣ ላ ፍላት (ፍላት ማለት በግማሽ እርከን ዝቅ ያለ ድምፅ ነው)። ሶል ሰቨን የሚባለው ኮርድ ውስጥ ደግሞ ሲ እና ፋ አሉ። ሁለቱም ከአምስቱ ውጭ ናቸው። እነዚህ ሁለት ድምፆች አብረው ሲመጡ ጆሮን ይገፉታል፤ ቶሎ ወደ ዶ ተመለስ፣ ጨርስ ይሉታል። ትዝታ ግን አይቸኩልም። ዘፋኟ አንዱ ድምፅ ላይ መቆየት ስትፈልግ ኮርዱ ከሥሯ ይጎትታታል። ሄደብኝ ያለችው ይህንን ነው።

ለሦስት ሳምንት ኪቦርዱ ዶ እና ሶልን ብቻ ይዞ እንዲቆይ ተስማማን። ልጁ አልወደደውም። «እጄን አሰራችሁኝ» ይል ነበር። አዘንኩለት፤ ግን አልፈታሁትም። ድምፅ መቀነስን ያልለመደ ሰው የጨመረው ድምፅ ምን እንዳመጣ አይሰማም ብዬ ስለማምን ነው።

ታኅሣሥ ላይ አንድ ሐሙስ እየሮጠ መጣ። አምስቱን ድምፆች ወረቀት ላይ ጽፎ ሌሊት ሲያገጣጥማቸው አድሯል። ላ ፍላት፣ ዶ፣ ሚ ፍላት፣ ሶል። አራቱም የትዝታ ማይነር ድምፆች ናቸው። አንድ ላይ ሲመቱ ደግሞ ጃዝ ተጫዋቾች ላ ፍላት ሜጀር ሰቨን የሚሉት ኮርድ ይወጣል። ከውጭ አንድም ድምፅ አልተበደረም። የጃዙ ኮርድ እዚያው አምስቱ ውስጥ ተቀምጦ ነበር! ኪቦርዱ ላይ ቀስ ብሎ መታው፤ ልጅቷ ሳትጠየቅ ዘፈኑን ጀመረች። አላቆመችም።

ያቺ የ9ኛ ክፍል ልጅ ይኼኔ ክራሯን አነሳች። «ይሄማ እኔም ጋ አለ» አለች። የሬውን ክር በአንድ ጣት ዘግታ ሌሎቹን ደረደረቻቸው። ያው ኮርድ! ክራር ሲደረደር ድሮም እንደዚህ ነው፤ ግራ እጅ የማይፈለገውን ክር አፍኖ ይይዛል፣ የተለቀቀው ይጮኻል። ልጁ ሌሊቱን ሙሉ የፈለገውን እሷ ስሙን ሳታውቅ ስትጫወተው ከርማለች። ሁለቱ ተያዩና ሳቁ። ከዚያን ቀን ወዲህ ክበቡ ውስጥ ዘመናዊው የቱ ነው፣ ባህላዊው የቱ ነው የሚል ክርክር ሰምቼ አላውቅም።

ቅላጼው ግን ከኮርዱ ይበልጥ አስቸግሮናል። ኪቦርድ ድምፁ የተቆረጠ ነው፤ በሁለት ቁልፎች መካከል ምንም የለም። የልጅቷ ጉሮሮ የሚኖረው ደግሞ እዚያ መካከል ነው። ትዝታን ትዝታ የሚያደርገው አምስቱ ድምፅ ብቻ ቢሆን ኖሮ ኪቦርዱ ብቻውን ይበቃን ነበር። ከአንዱ ወደ ሌላው እንዴት እንደሚኬድ፣ የት እንደሚንቀጠቀጥ፣ የት እንደሚታፈን ነው ዘፈኑ። ስለዚህ ክራሩን በእሷ ድምፅ ቃኘነው። ኪቦርዱ እሷ ስትዘፍን ያርፋል፤ ስንኙ ሲያልቅ ይመልሳል። ማሲንቆ ለአዝማሪው እንደሚመልስለት ማለት ነው።

ዋሽንቱ ሌላ ራስ ምታት ሆነብን። ዋሽንት የራሱ ቁመት አለው፤ ከቁመቱ የሚወጣው ድምፅ አይቀየርም። የልጁ ዋሽንት ከኪቦርዱ ጋር በፍጹም አልገጠመም። የኪቦርዱን ድምፅ በሙሉ ከፍና ዝቅ በሚያደርገው የትራንስፖዝ ቁልፍ ብናወርደውም ብናወጣውም ጥቂት እየቀረ ይቆረቁራል። በመጨረሻ ሁለቱ በየተራ እንዲገቡ አደረግን።

የካቲት የአድዋ ነው። በየዓመቱ ፉከራና ሽለላ እናቀርባለን። ዘንድሮ አንድ እንግዳ ጋበዝን፤ በጦር ሠራዊት ባንድ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳክስፎን የተጫወቱ ጡረተኛ አባት ናቸው። ቴነር ሳክስፎናቸውን አሮጌ ሣጥን ውስጥ ይዘው መጡ። ለልጆቹ ስለ ጋሽ ጌታቸው መኩሪያ አጫወቷቸው። ዘማች ወደ ጦር ሜዳ ሲወጣ ሲያሰማው የነበረውን ሽለላ ጋሽ ጌታቸው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ወደ ሳክስፎን አመጡት። ሳክስፎኑ የሰው ጉሮሮ ሆነ። ያ አጨዋወት ከአገር ወጥቶ እ.ኤ.አ. በ2006 ከኔዘርላንዱ ዘ ኤክስ ባንድ ጋር «ሞአ አንበሳ» የተባለ አልበም ወጣበት። ጋሽ ጌታቸው እ.ኤ.አ. በ2016 አረፉ።

እንግዳችን ወሬውን አላስረዘሙም። «እስቲ የኔ ልጅ፣ አንተ ፎክር» አሉት አንዱን የ12ኛ ክፍል ልጅ። «ዘራፍ!» ብሎ ተነሳ። እሳቸው እያንዳንዱን ሐረግ በሳክስፎን ተቀበሉት። ልጁ ሲያስረዝም ያስረዝማሉ፣ ትንፋሽ ሲወስድ ይወስዳሉ። ኪቦርዱ ላይ የተቀመጠው ልጃችን አፉን ከፍቶ ያይ ነበር። ሲጨርሱ «ጋሼ፣ ኖታው የት አለ?» ብሎ ጠየቃቸው። «ኖታው እሱ ነው» አሉና ወደ ፎካሪው ጠቆሙ።

አንድ ጉዳይ በግልጽ ልጻፈው፤ ወላጆች ስለጠየቁን ነው። መጋቢት ላይ አንድ አባት መጥተው የቤተ ክርስቲያን ዜማ እንዳንቀላቅል ለመኑኝ። ከልጆቹ ጋር ተነጋገርን። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ፒያኖ ላይ ያንን መንፈስ እንዴት እንዳኖሩት ሰምተናል፤ በ99 ዓመታቸው በ2023 (እ.ኤ.አ.) ኢየሩሳሌም ያረፉት መነኩሴ ማለቴ ነው። እሳቸው ግን ሕይወታቸውን በዚያ ውስጥ የኖሩ ናቸው። እኛ ሐሙስ ከክፍል በኋላ የምንገናኝ፣ እምነታችንም የተለያየ ሰዎች ነን። ስለዚህ የያሬድን ዜማም መንዙማንም ላለመንካት ወሰንን። አሁንም ልክ ነበርን እላለሁ።

አማፒያኖውስ? ሞክረነዋል። ችክችካ የምንለው የእኛ ምት በስድስት የሚቆጠር ነው፤ እሱ በአራት ይሄዳል። አራቱን ምት እያንዳንዱን ለሦስት ስንከፍለው ከበሮው መግቢያ አገኘ። በልምምድ ጥሩ ነበር። ሰኔ ላይ በወላጆች ቀን ግን ከስልክ የሚወጣው ምት በትልቁ ስፒከር ዘግይቶ ደረሰ፤ ከበሮው ቀደመ፤ መሃል ላይ ተበታተነ። ከበሮ መቺዋ ስልኩን አስጠፍታ ብቻዋን ቀጠለች። ጭብጨባው የደመቀውም ያኔ ነው። ትዝታው ከዚያ በፊት ቀርቦ ነበር። የልጅቷ አያት ፊት ወንበር ላይ ነበሩ፤ ሲጨርሱ የኪቦርዱን ልጅ ጠርተው ግንባሩን ሳሙት።

ዘንድሮ አራት ልጆች ከ12ኛ ክፍል ይወጣሉ። ባለዋሽንቱም አንዱ ነው። ግንቦትን ያሳለፈው ሸምበቆ እየቆረጠ ነው። ከኪቦርዱ ዶ ጋር የሚገጥም ዋሽንት ለክበቡ ትቼ እሄዳለሁ ብሎ ቆርጦ ተነሳ። ቁመቱን ይለካል፣ በጋለ ብረት አራቱን ቀዳዳ ይበሳል፣ ይነፋል፣ ይጥላል። የመጀመሪያው ድምፁ ቀጠነ። ሁለተኛው ተሰነጠቀ። ሦስተኛው ገጠመ። አሁን መምህራን ክፍል፣ መሳቢያዬ ውስጥ በጨርቅ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ምዝገባው በመስከረም ሁለተኛው ሐሙስ ነው፤ የሚነፋው ሰው እንፈልጋለን።