«ይገባል» ያላችሁትን መረጃ ማን ያስገባዋል?

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ባለፈው ሳምንት ስለ «ወረቀት አልባው ሆስፒታል» ያወጣችሁትን ዘገባ ያነበብኩት ሌሊት ተረኛ ሆኜ ነው። ሶፍትዌሩን የሠሩት ልጆች ተመስግነዋል፣ ደግ። ሥራ አስኪያጁ ብዙ ተናግረዋል። ሰርቨሩ ሳይቀር ፎቶ ተነሥቷል። ነርስ የሚለውን ቃል ፈለግኩ፤ አንድም ቦታ የለም።

የከነከነችኝ ግን አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። «የታካሚው መረጃ ከአልጋው አጠገብ በቀጥታ ወደ ሲስተሙ ይገባል» ትላለች። ይገባል? በራሱ እግር? የደም ግፊቱ ከአልጋ ወርዶ ኪቦርዱ ላይ ይቀመጣል?

የምናስገባው እኛ ነን። ትኩሳቱን፣ ትንፋሹን፣ የልብ ምቱን፣ የተሰጠውን መድኃኒት ከነሰዓቱ። መብራት ሲጠፋ ወረቀት ላይ እንይዛለን፣ ሲመጣ እንገለብጣለን። (ወረቀት አልባ!) በየወሩ፣ ካለፈው ወር 21 እስከ ወሩ 20 ያለው ሪፖርት በዲኤችአይኤስ ሁለት (የጤና ሪፖርት በሚላክበት ሲስተም) ወደ ላይ ሲሄድም ኮምፒውተሩ ላይ የሚቀመጡት ኤችአይቲዎቹ፣ የጤና መረጃ ባለሙያዎቹ ናቸው፣ አልክድም። የሚያስገቡት ቁጥር ግን በአብዛኛው እኛና አዋላጆች ከሞላነው መዝገብና ታሊ (የመቁጠሪያ ቅጽ) የተለቀመ ነው።

የኛ ሲስተም ሥራ የጀመረ ሰሞን ዕድሜ የሚቀበለው በዓመት ብቻ ነበር። ዜሮ ስትለው በቀይ ይጮኻል። እኔ የምሠራው ደግሞ ጨቅላ ሕፃናት ክፍል ነው! በዚያው ጠዋት የተወለደ፣ 2.1 ኪሎ የሚመዝን ልጅ። ማለፍ ስላለብን «1» አልን፤ ልጁ በአንድ ጊዜ የ1 ዓመት ጎረምሳ ሆነ። ጄንታማይሲን የሚባለው አንቲባዮቲክ ደግሞ ለጨቅላ የሚታዘዘው በክብደትና ከተወለደ በቆየበት ቀን ነው። ስለዚህ ፕላስተር ቆርጠን «ዕድሜውን አትመኑ፣ ካርዱን እዩ» ብለን ስክሪኑ ጠርዝ ላይ ለጠፍን። ለአይቲ ክፍል ሦስት ጊዜ አመለከትኩ። «ሲስተር፣ ሲስተሙ እኮ ልክ ነው፤ አጠቃቀሙ ነው» ተባልኩ። ከወራት በኋላ ተስተካከለ። እናንተ ዘንድ «ለጨቅላ ሕፃናት ሳይቀር የታሰበበት» ተብሎ ሲወደስ ሳይ ሳቄ መጣ። ማን አሰበበት?

ቅናት እንዳይመስላችሁ። ቀጣዩ ሲስተም ሲታሰብ ኮሚቴ ውስጥ የሚገቡት እንዲህ ዘገባ ላይ ስማቸው የተነሣ ሰዎች ናቸው። እኛ የምንጠራው ዕቃው ከተገዛ በኋላ፣ ለግማሽ ቀን ሥልጠና ነው። የአሜሪካ ነርሶች ማኅበር የነርሲንግ ኢንፎርማቲክስን፣ ማለትም የነርሲንግን የመረጃ ሥራ፣ ራሱን የቻለ የሙያ ዘርፍ ብሎ የተቀበለው በ1992 እ.ኤ.አ. ነው። የዘመናዊ ነርሲንግ መሥራች የምትባለው ፍሎረንስ ናይቲንጌልም በክራይሚያ ጦርነት ከቁስል ይልቅ መከላከል የሚቻል በሽታ ብዙ ወታደር እንደገደለ በ1858 እ.ኤ.አ. በሥዕል ያሳየችው ሞቱን በቁጥር ይዛ ነው። እሷንም የምታነሷት ሌሊት ቁስለኞችን በምትጎበኝበት ፋኖሷ ብቻ።

ማስተካከያ የምታወጡ ከሆነ ግሷን ብቻ ቀይሩልኝ፤ «ነርሶች ያስገባሉ» በሉ። ዘጋቢው መምጣት ከፈለገ ደግሞ በ20 ማታ ይምጣ። ወንበር ግን ይዞ ይምጣ፣ የኛ አንድ ነው።

አንዲት የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ነርስ