ጭራዋን አትዋጪያት

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንዴት ሰንብተሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የሜሪላንድ ብርድ ብቻ ገና አልለቀቀንም።

በቴሌግራም የላክሽልኝን የደብተርሽን ፎቶ አየሁት። የእንግሊዝኛን አሥራ ሁለት ቴንሶች፣ የግሱን ጊዜዎች ማለት ነው፣ በቀይና በሰማያዊ እስክሪብቶ አሳምረሽ ጽፈሻቸዋል። ከሥር ደግሞ «እማ፣ ሁሉንም ሸምድጃለሁ፣ ስናገር ግን ይጠፋብኛል» ብለሻል። ይህን ካነበብኩ ጀምሮ ከሐሳቤ አልወጣም። በስልክ እንዳልነግርሽ መስመሩ ይቆራረጣል። ስለዚህ ጻፍኩልሽ።

መጀመሪያ እኔ ላይ የደረሰውን ልንገርሽ። ሥራዬ አረጋውያንን ቤታቸው ሄዶ መንከባከብ እንደሆነ ታውቂያለሽ። ማታ ስወጣ የዕለቱን ሁኔታ ቅጽ ላይ እጽፋለሁ። በጀመርኩ ሰሞን የምንከባከባቸው እናት አንድ ቀን የጠዋቱን መድኃኒት አልውጥም አሉ። እኔም «ሺ ሪፊውዚዝ» ብዬ ጻፍኩ። በማግስቱ ተቆጣጣሪዋ ነርስ ተጨንቃ ደወለች። «ሁልጊዜ ነው እንዴ እንቢ የሚሉት? ከመቼ ጀምሮ? ለምን አልነገርሽንም?» አለችኝ። እኔ እኮ የዚያን ጠዋት ብቻ ነበር መናገር የፈለግኩት። «ሪፊውዝድ» ማለት ነበረብኝ። «እንቢ አሉ» እና «እንቢ ይላሉ» ለሐኪም የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። ያቺ ትንሽ የግስ ጭራ ምን እንደምትሸከም የገባኝ ያን ቀን ነው።

የኛ ግስ ሁሉን ነገር ተሸክሞ ነው የሚሄደው። አጠብኩ፣ አጠብሽ፣ አጠበች፣ አጠብን፣ አጠባችሁ። ማን እንደሆነ ከግሱ ይታወቃል። የእንግሊዝኛው መደበኛ ግስ፣ ጭራ እየቀጠለ ብቻ የሚለዋወጠው፣ ግን ያለው አራት መልክ ነው። ወርክ፣ ወርክስ፣ ወርክድ፣ ወርኪንግ። በቃ። እኔም አንቺም እነሱም ትናንት ላይ «ወርክድ» ነን። አይ፣ ዩ፣ ሺ ማለትን የማይተዉት ለዚህ ነው። ግሱ ማን እንደሆነ አይናገርማ! አሥራ ሁለቱም ቴንሶች የሚሠሩት ከእነዚህ ከአራቱና ከረዳቶቹ ከነ ዊል፣ ሃቭ፣ ቢ ነው። ሠንጠረዡን ከመሸምደድ ይህን ብትይዢ ይሻልሻል።

አሁን ያለፈውን ጊዜ ስለምትናገረው ጭራ። ስትጻፍ ሁልጊዜ ኢ እና ዲ ናት። ስትነገር ግን ሦስት ዓይነት ድምፅ አላት። እኔ በተማርኩበት ጊዜ ይህን የነገረኝ አልነበረም። «ዋሽ» ላለፈ ጊዜ ሲሆን በ«ት» ያልቃል፣ ዋሽት። ሄልፕት፣ ዎክትም እንደዚያው ናቸው። «ወርክድ» ብዬ የጻፍኩልሽም በአፍ «ወርክት» ነው። «ክሊን» ግን ክሊንድ፣ «ኮል» ደግሞ ኮልድ ይሆናል። ግሱ ራሱ በት ወይም በድ ድምፅ ካለቀ ብቻ «ኢድ» ይመጣል፤ ዋንቲድ፣ ኒዲድ። እጅሽን ጉሮሮሽ ላይ አድርጊና የግሱን የመጨረሻ ድምፅ በይ። ጉሮሮሽ ከነዘረ «ድ» ነው፣ ካልነዘረ «ት» ነው። እኛ ስንናገር ብዙ ጊዜ እንውጣታለን። ስትዋጥ ደግሞ የትናንቱ ነገር የየቀኑ ይሆናል፣ ልክ እንደኔ ቅጽ።

እኚያ እናት ኪንግ ጄምስ የሚባለው የድሮ መጽሐፍ ቅዱስ አላቸው። መጀመሪያ የታተመው በፈረንጆቹ 1611 ነው። አንድ ቀን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ከሉቃስ ምዕራፍ 1 ሲያነቡ፣ እኛ «ታዐብዮ ነፍስየ» የምንለው የእመቤታችን ጸሎት ላይ «ሆልፕን» የሚል ቃል ሰማሁ። ለካ ከሃቭ ጋር የሚሄድ የ«ሄልፕ» የድሮ መልክ ነው! ድሮ ሄልፕ አፈንጋጭ ግስ ነበር፣ በጭራ ብቻ የማይለወጥ፤ በኋላ ነው ከመደበኞቹ የተቀላቀለው። ዛሬ አዲስ የሚመጡትም ወደዚያው ይገባሉ። ቴክስት ቴክስቲድ፣ ጉግል ጉግልድ ይባላል። እኛ «ጉግል አደረግኩ» ብለን በ«አደረገ» እናሻግረዋለን፣ እነሱ ጭራ ይቀጥሉበታል። እና ነገ የሚፈጠረውንም ግስ ከአሁኑ ታውቂዋለሽ ማለት ነው።

«ዲድ» ሲመጣ ጭራዋ ትወድቃለች። «ዲድ ሺ ዎክ?» ነው እንጂ «ዲድ ሺ ዎክት?» አይባልም። ያለፈውን ጊዜ ዲድ ተረክቦታል። «ሃቭ ዋሽት» ደግሞ የኛ «አጥቤያለሁ» ነው። ግን ተጠንቀቂ። በአማርኛ «ትናንት አጥቤያለሁ» ብትይ ማንም አያርምሽም። በእንግሊዝኛ ሃቭ ካለ «የስተርዴይ» አብሮ አይገባም። ትናንት ካልሽ «አይ ዋሽት» ብቻ ነው።

ሰብጀንክቲቭ የሚለውን፣ እንዲሆን የሚፈለገውን ወይም የሚመኙትን የሚናገረውን የግስ መልክ፣ ባዶ ትተሽዋል። አትፍሪው የኔ እናት፣ አማርኛሽ ያውቀዋል። ሐኪሙ ዕቅዱ ላይ «አይ ሪኮመንድ ዛት ሺ ዎክ» ብሎ ይጽፋል። «ዎክስ» አላለም፣ መጨረሻ ላይ ኤስ የምትባለው ፊደል የለችም። ትራመዳለች እያለ አይደለም፤ እንድትራመድ ነው የሚለው። የኛም «ትራመዳለች» እኮ «እንድትራመድ» ሲሆን «አለች» ይወድቃል። እንዲሆን የሚፈለገውን ነገር እዚህ ላይ ሁለቱም ቋንቋ ጭራውን ቆርጠው ነው የሚናገሩት። «ኢፍ አይ ወርክድ» ደግሞ ያለፈ ቢመስልም ምኞት ነው። እኛም «አጠገብሽ ብሠራ ኖሮ በየቀኑ አይሽ ነበር» እንላለን። ነበር ብልም ያለፈ ታሪክ አይደለም። በየማታው የማስበው ነው።

እሑድ ረፍት ነኝ። ቅዳሜ የሠራሽውን በአሥር መደበኛ ግሶች በድምፅ ላኪልኝ። ምን እንዳጠብሽ፣ ለማን እንደደወልሽ፣ አያትሽን በምን እንደረዳሻት። ጭራዎቹን ሳትውጪ። ቡናዬን አፍልቼ አንድ በአንድ እሰማቸዋለሁ።

የአያትሽን ጉልበት ሳሚልኝ።

እናትሽ