ይድረስ ለአባየ፦ ስለሚጮኸው ሲፒዩ

ውድ አባየ፣

እንደምን ሰነበቱ? እማየስ ጉልበቷን ተሻላት? እኛ ባሕር ዳር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ሙቀቱ ጀምሯል፤ የደብረ ማርቆስን ብርድ ያስናፍቃል።

በሰው የላኩት ፍላሽ ደርሶኛል። የመሪጌታን መወድስ ማታውኑ ሰማሁት። ቅኔው ድንቅ ነው። ችግሩ ሲፒዩውም፣ ያ የኮምፒውተርዎ ሳጥን፣ አብሯቸው ይቀኛል። ስድስተኛው ቤት ላይ መሪጌታ ድምፃቸውን ዝቅ ሲያደርጉ ጭራሽ ተዋጡ። ደጋግሜ ባዳምጥም ከስምንቱ ቤት ሰባቱን ብቻ ነው የያዝኩት። ቅኔ ደግሞ እንደ ዘፈን ነገ ይድገሙልኝ አይባልም። መሪጌታ ለዕለቱ ተቀኙ፣ ወረዱ፣ አለቀ። እማየ «ይኼ ወፍጮ ዛሬም ይፈጫል?» የምትለው እውነቷን ነው።

የእቁቡ ብር ሲወጣልኝ አዲስ ላፕቶፕ እገዛለሁ ብለዋል። እኔ ደግሞ አይግዙ ባይ ነኝ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ የምንዛሬው ዋጋ በገበያ ይወሰን ከተባለ ጀምሮ፣ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሰማይ ነክቷል። በእቁብዎ ልክ የሚገኘው ላፕቶፕ ስክሪኑ ትንሽ፣ ኪቦርዱ ጠባብ ነው። ለዓይንዎም ለጣትዎም አይመችም። ደግሞስ ምን ሊሠሩበት ነው? ቅኔ ይቀዳሉ፣ ይተይባሉ፣ የእድሩን መዝገብ ይይዛሉ። ለዚህ ያ ሁለተኛ ትውልድ ኮር አይ3 በደንብ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ2011 ገበያ ላይ የዋለ ፕሮሰሰር ነው፤ ለጽሑፍ ሥራ ግን ገና አላረጀም።

ስለዚህ አሳቤ ይኼ ነው። ማሽኑ ይቆይ፣ ጩኸቱ ይውጣ። ብር የሚጠይቀው ዋና ዕቃ አንድ ብቻ ነው፤ ኤስኤስዲ የሚሉት፣ በሃርድ ዲስኩ ፈንታ ፋይል የሚያስቀምጥ ዕቃ ነው፤ እሱንም እኔ ከዚህ ገዝቼ እልካለሁ። የቀረው በካቻቢቴና በብሩሽ የሚያልቅ ነው። ወንድሜ ከደጀን ሲመጣ አብራችሁ ልትሠሩት ትችላላችሁ። እርስዎ ብቻዎን ግን አይጀምሩት። ያቺን ወገብ እናውቃታለን።

መጀመሪያ ማን እንደሚጮህ ይለዩ። ይኼን የምለው ዝም ብዬ አይደለም። እኩል የሚጮሁ ሁለት ነገሮች ካሉ፣ አንዱን ቢያጠፉት የሚቀንሰው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ጆሮ ልዩነቱን በግድ ነው የሚለየው። አንዱ ከሌላው በጣም የሚጮህ ከሆነ ደግሞ ትንሹን ማጥፋት ከንቱ ድካም ነው። ስለዚህ ወፍራም ወረቀት እንደ ቱቦ ይጠቅልሉ፣ አንዱን ጫፍ ጆሮዎ ላይ ያድርጉ፣ ሌላውን ጫፍ በሲፒዩው ዙሪያ ቀስ ብለው ያዙሩት። ከፊት በኩል ወፈር ያለ እምምታና ክርክር የሚል ነገር ከሰሙ ሃርድ ዲስኩ ነው። ከኋላ የንፋስ ድምፅ ከመጣ ፋን ነው። ቀጭን ፉጨት ከሰሙ ግን የወንድሜ ልጅ ለጌም ብሎ ያስገባት ግራፊክስ ካርድ፣ ምስል ወደ ሞኒተሩ የምትልከው፣ ናት።

እሷን ካርድ በቀጥታ ያስወጧት። ፋኗ ትንሽ ስለሆነች በቂ ንፋስ ለመግፋት በጣም መሮጥ አለባት፤ ፉጨቱ የሚመጣው ከዚያ ነው። እርስዎ ደግሞ ጌም አይጫወቱ። ፕሮሰሰሩ የራሱ ግራፊክስ አለው። ካርዷ ስትወጣ የሞኒተሩን ገመድ ማዘርቦርዱ ላይ ባለው ሶኬት መሰካት ብቻ ነው። ሳንቲም ሳይወጣ አንድ ጩኸት ቀረ ማለት ነው። ልጁ ካኮረፈ እኔ ላይ ያላክኩት።

ቀጥሎ ጽዳት። ገመዱን ሁሉ ከነቀላችሁ በኋላ የማብሪያውን ቁልፍ ጥቂት ሰከንድ ተጭናችሁ ያዙ፤ ውስጥ የቀረው ኤሌክትሪክ ይውጣ። ከዚያ ሲፒዩውን ወደ በረንዳ አውጡት። ውስጡን ከመንካታችሁ በፊት የሳጥኑን ብረት ንኩ። አቧራውን በደረቅና ለስላሳ የቀለም ብሩሽ ጥረጉት። ስትጠርጉ ፋኑን በጣት ያዙት፤ እንዲሽከረከር አትልቀቁት፤ መሽከርከሪያው ይጎዳል። ጎሚስታ ቤት ወስዶ በኮምፕሬሰር ማስነፋት የሚባለውን ነገር ወንድሜ እንዳያመጣው። ግፊቱ ኃይለኛ ነው፣ ከንፋሱ ጋርም ውኃ ይረጫል።

ውስጡን ስትከፍቱት የሚያጣብቅ አቧራ ታገኛላችሁ። የከሰሉና የዕጣኑ ጭስ ነው። እማየን ቡናሽን ተይ አልልም፤ ማን ደፍሮ ይላታል? ሲፒዩው ግን ከረከቦቱ ራቅ ይበል። ሌላ ነገር ደግሞ አለ። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር አልፋ ነው ያለችው። በዚያ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻ አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። የሳሳ አየር ሙቀት ተሸክሞ የመውሰድ አቅሙ ትንሽ ነው። ደጋው ቀዝቃዛ መሆኑ ጠቅሞን እንጂ ፋኑ ከዚህም በላይ በሮጠ ነበር። በዚህ ላይ አቧራ ሲጨመርበት አስቡት። ፕሮሰሰሩ ላይ የተቀመጠው የአሉሚኒየም ማቀዝቀዣ ክንፎቹ መሃል ከጸዳ ፋኑ ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ማንም ማዘዝ አያስፈልገውም። የፋን ፍጥነት በግማሽ ሲቀንስ ድምፁ 15 ዴሲቤል ያህል ይወርዳል። ለጆሮ ይኼ ትልቅ ነገር ነው።

ከማቀዝቀዣው ሥር ያለው ቅባት፣ ቴርማል ፔስት የሚሉት፣ ይኼን ሁሉ ዘመን ተቀይሮ አያውቅም። ደርቋል። አንድ ትንሽ ቱቦ ከኤስኤስዲው ጋር እልካለሁ። አሮጌውን በአልኮል በራሰ ጨርቅ ጠርጎ፣ የስንዴ ፍሬ የምታህል መሃል ላይ ጠብ ማድረግ ነው። ወንድሜ ነገር ማብዛት ይወዳል፤ እዚህ ላይ ግን ሲበዛ ይበላሻል በሉት።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ሃርድ ዲስኩ በደቂቃ 7,200 ጊዜ የሚዞር ነው። በሰከንድ 120 ጊዜ ማለት ነው። ያ ንዝረት ወደ ሳጥኑ ብረት፣ ከብረቱ ወደ ጠረጴዛው፣ ከጠረጴዛው ወደ ማይኩ ይሄዳል። ቅጂው ላይ የሰማሁት ያ እምምታ እሱ ነው። ኤስኤስዲ ግን ውስጡ የሚዞር ነገር የለውም። ድምፅ የሚባል ነገር አያውቅም። በዚያ ላይ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ቡና ተፈልቶ የሚጠጣበት ጊዜ ይቀራል። የድሮው ማዘርቦርድ የኤስኤስዲውን ሙሉ ፍጥነት ባይጠቀምበትም ልዩነቱ ወዲያው ይታያል።

የምገዛው 240 ወይም 256 ጊጋባይት ያለውን ነው። ያንሳል እንዳይሉኝ። አንድ ሰዓት ቅጂ ሳይጨመቅ ቢቀመጥ እንኳ 600 ሜጋባይት ገደማ ነው። እዚያ ሱቅ ገብተው ልግዛ ካሉ ግን ሁለት ነገር ይያዙ። ዓይነቱ 2.5 ኢንች ሳታ የሚባለው ይሁን፤ እንደ ማስቲካ ቀጭን የሆነው ለእኛ ማሽን አይገባም። 2 ቴራባይት በዚህ ርካሽ ዋጋ ካሉዎት ደግሞ ይሽሹ። መጠኑ በውሸት የተጻፈ ዕቃ ገበያው ላይ አለ፤ የሚታወቀውም ፋይል ከጠፋ በኋላ ነው።

አሮጌው ሃርድ ዲስክ እንዳይጣል። ፋይሉ ሁሉ ወደ አዲሱ ከተገለበጠ በኋላ በጨርቅ ተጠቅልሎ ቁም ሳጥን ውስጥ ይቀመጥ፤ መጠባበቂያ ቅጂ ይሆነናል። የቅኔውን ፋይል አንድ ቦታ ብቻ ማስቀመጥ አይሆንም። መብራቱ እንደፈለገ ነው የሚሄደው የሚመጣው።

ከጽዳቱ በኋላም አንዱ ፋን እርር ካለ መሽከርከሪያው አልቋል ማለት ነው። የልብስ ስፌት መኪና ዘይት አንድ ጠብታ ለጊዜው ያረጋጋዋል። የኑግ ዘይት ግን አይሆንም፤ ይጋገራል። አዲስ ፋን ከመግዛት በፊት የሶኬቱን ቀዳዳ ይቁጠሩ። እንደ ዴልና ኤችፒ ያሉ የቢሮ ማሽኖች ላይ የፋኑ ሶኬት አንዳንዴ ከገበያው ባለ 4 ቀዳዳ ይለያል። የማይገጥም ከሆነ ማሽኑ በተነሳ ቁጥር ፋን የለም እያለ ይቆማል። ስለዚህ አስቀድመው ፎቶ ይላኩልኝ።

ፓወር ሰፕላዩን፣ የመብራቱ ገመድ የሚሰካበትን የውስጥ ሳጥን፣ ማንም እንዳይከፍተው። እሱ ላይ ቀልድ የለም። ገመዱ ከተነቀለ በኋላም ውስጡ ሰው የሚመታ ኤሌክትሪክ ይዞ ይቆያል። ከውጭ በብሩሽ መጥረግ ይበቃዋል።

ራም ይጨመር ይሆን ብለው ነበር። አሁን ያለው 4 ጊጋባይት ለእርስዎ ሥራ ያስኬዳል። ለዚህ ማሽን የሚሆነውን ራም፣ ያገለገለ ዲዲአር3፣ በጥሩ ዋጋ ካገኘሁ እልካለሁ፤ ካላገኘሁ ይቅር።

ከዚህ ሁሉ በፊት፣ ዛሬውኑ፣ ሲፒዩውን ከጠረጴዛው ላይ ያውርዱት። ከጠረጴዛው ሥር፣ ጣውላ ላይ ይቀመጥ። ምንጣፍ ላይ አይሁን፤ የንፋስ መግቢያው ይታፈናል። ጀርባው ከግድግዳው ቢያንስ አንድ ስንዝር ይራቅ። ከሥሩ ከአሮጌ የብስክሌት ጎማ ውስጠኛ ላስቲክ ቆርጠው አራት ቁራጭ ያድርጉበት፤ ንዝረቱን ይይዛል። ማይኩን ደግሞ ወደ መሪጌታ ያስጠጉት። አሁን በመሃል ቤት ነው ያለው። ከአፋቸው አንድ ስንዝር ቢቀርብ፣ ምንም ሳይገዛ ቅጂው ሌላ ይሆናል። መሪጌታ ማይኩን እንደማይወዱት አውቃለሁ። በምስጢሩ ሲመሰጡ ይረሱታል።

ስለ ዊንዶውስ ጠይቀውኝ ነበር። ዊንዶውስ 10ን ኩባንያው ማይክሮሶፍት ከጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ በመደበኛነት ማደሱን አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል ወገን ስምንተኛ ትውልድና ከዚያ በላይ ነው የሚቀበለው፤ የእኛን አይፈልግም። በጉልበት የሚጭኑ ልጆች አሉ፤ እኔ አልወደውም። ማሽኑ ኢንተርኔት ላይ ስለማይውል ዊንዶውስ 10 ይቆይበት። የባንክ ነገር ግን በእሱ አይነካ፤ ያ በስልክዎ ይሁን። ወደፊት በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫነውን ነፃውን ሊነክስ ሚንት እንሞክር ይሆናል። ወንድሜ ፎርማት ከማድረጉ በፊት የድሮ የአማርኛ ፎንቶቹን በፍላሽ ይያዝ። ድሮ የተየቧቸው ጽሑፎች ከዩኒኮድ፣ ዛሬ ኮምፒውተር ሁሉ ከሚጠቀምበት የፊደል ሥርዓት፣ በፊት በነበሩ ፎንቶች የተጻፉ ናቸው። ፎንቱ ከሌለ ፊደሉ ሁሉ የላቲን ዝብርቅርቅ ሆኖ ይመጣል።

እንግዲህ ከእርስዎ የምፈልገው ሦስት ፎቶ ነው፦ የሲፒዩው ጀርባ፣ ጎኑ ሲከፈት ውስጡ፣ እና የፋኑ ሶኬት። ኔትወርክ ሲኖር ይላኩልኝ፤ ከሌለ በሰው በፍላሽ ይምጣ። ዕቃውን መንገዱ ደህና ሲሆን ወደ ማርቆስ ለሚመጣ ለምናውቀው ሰው እሰጣለሁ። ካቻቢቴ እንዳይገዙ፤ ባለ መስቀሉ ከልብስ ስፌት መኪናው መሳቢያ ውስጥ አለ። የእቁቡን ብር ደግሞ እማየ ለጉልበቷ ሐኪም ቤት ትሂድበት።

እማየን ሳሙልኝ። ለመሪጌታም እጅ ይንሱልኝ።

አክባሪ ልጅዎ
ባሕር ዳር